የእትዬ ሰናይት ዘብ

ዳግማዊ ቢሮው ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ የአራት መቶ ሰዎችን አንጀት አየ። የዘወትር ሥራው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው በዓመት አንድ መርፌ ተወግቶ ቫይረሱን ዝም ያሰኘዋል። የቀረው ጣጣ ብግነት ነው፤ ሰውነት ከውስጥ ሳያቋርጥ እየተቆጣ ልብን የሚያደክምበት። ለዚያ ደግሞ «ዘብ» አለች። ምስር የምታህል መሣሪያ ናት፤ ተውጣ አንጀት ላይ ትቀመጣለች፣ ጥሩ ባክቴሪያ ትዘራለች፣ ብግነቱን ታበርዳለች፣ ያየችውንም ለዳግማዊ ትነግራለች። ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ በየዓመቱ አንዲት ዘብ ቤቱ ድረስ ትላክለታለች።

የዚያን ቀን የእትዬ ሰናይት ዘብ፣ የተቀመጠችበት ሰው እርጉዝ መሆኑን አስታወቀች። እትዬ ሰናይት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

ዳግማዊ እስኪበቃው ስቆ ደወለላቸው።

«እትዬ፣ ዘብዎ አርግዘዋል እያለችኝ ነው።»

«ስንት ወር ሆነኝ?»

«ሁለት።»

«እሰይ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

ጨዋታ አዋቂነታቸውን ወደደላቸው። ቀጥለው ግን ደረታቸውን እንደሚከብዳቸው፣ ሆዳቸውም ሲነፋ እንደሚውል ነገሩት። መዝገቡን አየ፤ የብግነት ምልክት የለም።

«ዘቧ ደህና ነዎት ትላለች። የበሉት ነገር ይሆናል» አላቸው። የእርግዝናውን ምልክት የመሣሪያ ብልሽት ነው ብሎ ዘጋው።

ሁለት ጊዜ መልሰው ደወሉ። ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መለሰላቸው። ከመጀመሪያው ስልክ በኋላ በሦስተኛው ወር ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ሐኪሞቹም ልባቸው ክፉኛ መድከሙን፣ አንጀታቸው ውስጥም ምንም ዘብ አለመኖሩን ነገሩት። እየሮጠ አልጋቸው አጠገብ ደረሰ።

«የዘንድሮዋን ሳልውጥ ለናርዶስ ሰጠኋት» አሉት። ናርዶስ የልጃቸው ሚስት ናት። «እሷም እንደኔው ናት። መርፌውን ሐረር ሄዳ በሌላ ስም ትወጋለች፤ ዘብ ግን ሳይመዘገቡ አይሰጥም። ልጄ እንዳይሰማባት ፈራች።»

«ለምን አልነገሩኝም እትዬ?»

«ወሩን ስጠይቅህ የገባህ መስሎኝ ነበር። አንተ ሳቅህ።»

መሣሪያዋ አልዋሸችም፤ እሳቸውም ሕመማቸውን አልደበቁም። ሦስት ጊዜ በጆሮው ሰምቶ ያመነው ስክሪኑን ነው። ጸጸቱ አንገበገበው። በአራተኛው ቀን አረፉ።

ከሠልስቱ ማግስት ናርዶስ ቢሮው መጣች። የሞተ ሰው መዝገብ ይዘጋል፤ መዝገቡ ሲዘጋ ዘቧም ሥራ ታቆማለች።

«እባክህ አትዝጋው» አለችው።

«በራስሽ ስም ልመዝግብሽ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብሰብ አደረገች። «ስሜ እዚያ ከገባ ዘቧ በስሜ ቤት ትላካለች፤ ባሌ የኔን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። እናቱ በማን ምክንያት እንደሞቱም ያውቃል።»

የሰው ልጅ ቫይረሱን ዝም ካሰኘው አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሰውን ከሰው ማነጋገር ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም። ዳግማዊ ይህን እያሰበ በገዛ እጁ የዘጋውን የእርግዝና ምልክት መልሶ ከፈተ፤ መዝገቡንም እንዳለ ተወው።

በመዝገቡ ላይ እትዬ ሰናይት ዛሬም በሕይወት አሉ። ብግነት የለባቸውም። ስድስተኛ ወራቸውን ይዘዋል።