ሙሽራውን ያቀፈው ሰው

ይህ የሆነ ነገር ነው። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም።

ቦታው ስኮትላንድ፣ ኦርክኒ ደሴት። ወሩ ሰኔ፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት። በሰሜን የሰኔ ቀን ረጅም ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

የወንድሜ ልጅ ኤርሌንድ ቅዳሜ ሞራግን ሊያገባ ነበር። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

በእኛ አገር ሙሽራ ከሠርጉ በፊት ጥላሸት ይቀባል። ጓደኞቹ አፍነው ያስሩታል። ሞላሰስ፣ ያን ጥቁር የስኳር ዝቃጭ፣ ይለቀልቁታል። በፒካፕ ጭነው፣ በርሜል እየደበደቡ መንደሩን ያዞሩታል። መጨረሻ ላይ ባሕር ውስጥ ይነክሩታል።

ይጮኻል፣ ይለምናል። ማንም አይሰማውም። ወጉ ነው።

የምነዳው እኔ ነበርኩ። ከኋላ አራት ጎረምሶችና ኤርሌንድ። ጥላሸቱ ሁሉንም ነክቷል፤ ከፀጉር እስከ ጫማ ጥቁር ናቸው።

«ሞራግ አሁን ብታይህ ቀለበቱን ትመልስልሃለች!» አለ ቶርፊን።

«አንተን ከምታገባ ምንኩስና ይሻላታል!» ኤርሌንድ ሳቀ።

ከዚያ ሳቁ ቆመ...

በስፖኪዮው አየሁ። አንዱ በርሜል አይመታም። ኤርሌንድን አቅፎ ተቀምጧል።

ነፋሱ የሁሉንም ልብስ ያራግባል። የእሱን አይነካም።

ቆጠርኩ። ከኤርሌንድ ሌላ... አምስት።

«አጎቴ! አቁም! ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ።

«አዲስ ዘዴ አመጣ!» ዴቪ የጋቢናውን ጣራ ደበደበ። «እንዳይሰሙት ጋሼ! ይንዱት!»

«አጎቴ... እጁ በረዶ ነው...»

ወደቡ ጋ አቆምኩ። ወርጄ አየሁ። አራት ብቻ ናቸው።

«ፍቱት» አልኩ።

«ሳይነከር? ጋሼ፣ አንጀትዎ ራራ እንዴ?»

ቋጠሮውን ያዝኩ። ጣቶቼ አርጅተዋል። ከእጄ ነጥቀው ተሸክመውት ሮጡ።

ወረወሩት።

ወዲያው ጎትተው አወጡት። ገመዳቸውን ፈቱለት።

«በቃ፣ ባል ሆንክ!»

ኤርሌንድ እግሩን ያያል።

ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሌላ ገመድ ነበር። አሮጌ፣ የባሕር አረም የበቀለበት። ጫፉ ወደ ውኃው ይወርዳል።

«ይሄን ማን አሰረው?» አለ ዴቪ፣ በሹክሹክታ።



ገመዱ ቀስ ብሎ... ተወጠረ።

አምስታችንም ኤርሌንድ ላይ ተረባረብን። በባሕሩ ውኃ የራሰው ሞላሰስ ግን ያሟልጫል። ክንዱን ስይዝ ያመልጠኛል። አንገቱን ስይዝ ያመልጠኛል።

«አጎቴ፣ አትልቀቀኝ።»

«አልለቅህም ልጄ።»

እጄ ላይ የቀረው ጥላሸት ብቻ ነበር።

ጀልባዎች ሁለት ቀን ፈለጉት። ምንም።

ቅዳሜ፣ ሠርጉ ሊሆን በነበረበት ሰዓት፣ ሞራግ ብቻዋን ወደ ወደቡ ወረደች። ከኋላዋ ተከተልኩ። ጠራኋት። አልዞረችም።

ድንጋዩ ላይ ያ ገመድ ተዘርግቷል። ጫፉ ላይ አዲስ ሸምቀቆ አለ። ለወንድ እግር ይጠባል።

ሞራግ ጫማዋን አውልቃ ነበር።