የምሩፅ ጫማ

አደይ ኣስካል ሰሊጥ አይስማማቸውም። ሰሊጥ የነካው ምግብ ከቀመሱ ጉሮሯቸው አብጦ ትንፋሽ ይከለክላቸዋል፤ ይህን በክበቡ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። እሑድ ዕለት ሓወልቲ ሰፈር በሚገኘው የበጎ አድራጎት ክበባቸው አዳራሽ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጎርሰው ብዙም ሳይቆዩ ታፍነው ሞቱ። ሐኪሙ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ሰሊጥ»።

ዝግጅቱ በጦርነቱ እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር መግዣ ገቢ ማሰባሰቢያ ነበር። በአንድ በኩል የልብስና የጫማ ባዛር፣ በሌላው ምሳ። ምሳው በዐቢይ ጾም የሚሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ሥጋ ቢኖር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ማዕድ መለየታቸው አይቀርም። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ግን የጉርሻ ጨረታውን ነው፤ ያሸነፈ ሊቀመንበሯን፣ በጦርነቱ ጊዜ ነርስ የነበሩትን አደይ ኣስካልን፣ በእጁ ያጎርሳል። ዘንድሮ ሦስት ሰዎች አሸነፉ፦ ምግቡን የሠራችው፣ ከወሎ መጥታ ምግብ ቤት የከፈተችው ዘሃራ፣ የክበቡ ጸሐፊ መምህር ደሳለኝና የአደይ ኣስካል የዕድሜ ልክ ወዳጅ አቦይ ሃይለማርያም።

ሰው ለመፍረድ መቼ ይዘገያል! ገና ሳይመሽ «ወሎየዋ ናት ያበላቻቸው» ተባለ። ለዓመታት «ሓፍተይ»፣ እህቴ፣ ሲሏት የኖሩ ጎረቤቶች ምግብ ቤቷን በድንጋይ ደበደቡት፤ አከራይዋም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ልቀቂ አላት።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ኣሪያም ረጋ ያለች፣ ሰው ሲዋሻት የሚያዛጋት ሴት ነበረች። መጀመሪያ ዘሃራን አነጋገረች።

«ቤትሽ ሰሊጥ አለ?»

«ወላሂ የለም! ለእሳቸው ስል ካስወጣሁት ቆየሁ። እኔ እኮ ሰው አገር ታምሜ ስወድቅ ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። እናቴን ገደልሽ እየተባልኩ ነው፣ እህቴ!»

«የተለየ ነገር ነግረውሽ ነበር?»

ዘሃራ እንባዋን ጠረገች። «ለሰኞ፣ ለሐዘን ቤት የሚሆን እንጀራ አዘጋጂ ብለውኝ ነበር። ማን እንደሞተ ግን አልነገሩኝም።»

ኣሪያም ቀና አለች። አላዛጋትም።

ደሳለኝ በባዛሩ ጠረጴዛዎች መካከል ቆሞ ጠበቃት።

«ሊቀመንበርነቱን ይመኙት ነበር ይባላል» አለችው።

«ተመኝቼ ነበር። ኧረ በስመ አብ! የክበብ ወንበር እኮ ነው፤ ትርፉ ስብሰባ ነው፤ ለዚህ ሰው ይገደላል?»

ኣሪያም ከጠረጴዛው ላይ በደንብ የተወለወለ ቡናማ ጫማ አነሣች። «ይህ የማን ነው?»

«የምሩፅ፣ የአቦይ ሃይለማርያም ልጅ። ዘምቶ አልተመለሰም፤ ወሬውም ጠፋ። ባለፉት ባዛሮች ጫማውን ስንለምናቸው ‹ልጄ ሲመጣ ባዶ እግሩን ሊሄድ ነው?› ብለው ተቆጥተውን ነበር። ዘንድሮ ሳንጠይቃቸው ራሳቸው አመጡት። እግዜር ልባቸውን አራርቶት ነው።»

አቦይ ሃይለማርያም ቤታቸው ደጃፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር፤ የባለቤታቸው አርባ ገና መውጣቱ ነው።

«አቦይ፣ ለአደይ ኣስካል ስንት ጉርሻ አጎረሷቸው?»

«አንድ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ሰው ‹ይደገም!› እያለ ሲጮህ ነበር አሉ።»

«ደክሞኝ ነበር፣ ጓለይ።»

«ምሩፅስ?»

ሽማግሌው መንገዱን አዩ። «እየጠበቅሁት ነው።»

ኣሪያም አፏን በእጇ ሸፍና አዛጋች።

በሠልስቱ ቀን የክበቡን ሰዎች ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘሃራ በሩ አጠገብ ለብቻዋ ቆመች፤ አጠገቧ ሊቆም የደፈረ አልነበረም። ኣሪያም ጫማውን መካከላቸው አስቀመጠች።

«ከትሪው የተረፈው ምግብ ተመርምሯል፤ ሰሊጥ የለበትም። ስለዚህ ሰሊጡ በአንድ ሰው ጉርሻ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ዘሃራና መምህር ደሳለኝ ከትሪው እየቆረሱ ሁለት ሁለት አጉርሰዋል። አቦይ ሃይለማርያም ግን አንድ አጉርሰው ተቀመጡ። ሁለተኛው የፍቅር ነው፤ ለማስመሰል እንኳ እጃቸው አልታዘዘላቸውም።»

«በአንድ ጉርሻ ሰው ይወነጀላል እንዴ?» አለ ደሳለኝ።

«አይወነጀልም። ግን አደይ ኣስካል ሰው ሳይሞት የሐዘን ቤት እንጀራ አዘዙ። ሟቹ ቀድሞ ሞቷል፤ ያልደረሰው መርዶው ነበር። የማን መርዶ? ጫማውን እዩት። ልጁን የሚጠብቅ አባት የልጁን ጫማ አይሸጥም። እርስዎ ምሩፅ መሞቱን ከእሑድ በፊት ሰምተዋል፣ አቦይ።»

ሃይለማርያም አልካዱም። ጫማውን እያዩ ተናገሩ።

«ሰው ሠራሽ እግር ሊለካ ክበቡ የመጣ ወጣት ነገረኝ። ‹ምሩፅ አደይ ኣስካል እጅ ላይ ነው ያረፈው፤ ነርሷ እሷ ነበረች› አለኝ። አያችሁ? ዓይኑን የከደነችው እሷ! ከዚያ ወዲህ ስንት ማዕድ አብረን በላን! እኔ በር በሩን ሳይ እያየችኝ፣ ‹ይመጣል› እያለችኝ! ሰሊጡን ወቅጬ በእንጀራ ጠቅልዬ በኪሴ ያዝሁ።»

«ባለቤትዎ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ፤» አለች ኣሪያም ቀስ ብላ። «አደይ ኣስካል መርዶው ይገድላቸዋል ብለው ፈሩ። ባለቤትዎ ሲያርፉ ደግሞ አርባቸው እስኪወጣ ጠበቁ። ለሰኞ ንጋት መርዶውን የሚነግሩ ሽማግሌዎች ቀጥረውልዎ ነበር፤ የንስሐ አባትዎ ነግረውኛል።»

ዘሃራ ከበሩ ወደ መሐል መጣች። የተወረወረባትን ድንጋይ የረሳች መሰለች። ሽማግሌው ፊት ተንበረከከች።

«አቦይ፣ እንጀራውን ሲያዙኝ አንድ ነገር ብለውኝ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። ‹አደራ አለብኝ፤ አንድ ልጅ ሲሞት ለአባቴ ንገሪልኝ ያለኝ ቃል አለ። ከአባቱ በቀር ለማንም አልናገረውም› አሉኝ።»

ሃይለማርያም እጇን ጨበጡ። «ምን አላት? ልጄ ምን አለ?»

«አልነገሩኝም፣ አቦይ።»

ሽማግሌው ጫማውን አንሥተው ደረታቸው ላይ አቀፉት። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞሩ፣ ወደ ኣሪያም ዞሩ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ እያዩ «ማን ያውቃል? ልጄ ያለውን የሚያውቅ ማን ነው?» እያሉ ጠየቁ። የሚያውቅ አልነበረም።