የሌላ ሰው ቁጥር

ባልሽ ሞቷል ተብሎ የተደወለላት ሴት እያለቀሰች ስትደርስ፣ ባሏ የአውቶቡስ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሻሽ አገኘችው። አስፋልቱ ላይ በአንሶላ ተሸፍኖ የተኛው ሌላ ሰው ነበር። የባሏን የደረት ቁጥር እንደለጠፈ ማራቶኑ መሐል ወድቆ የሞተው፣ የባሏ የሩጫ ጓደኛ፣ የፊዚክስ መምህሩ ነው።

መርማሪዋ የተጠራችው ለዚህ ነው። የዕረፍት ቀኗ ነበር፤ እሷ ግን ዕረፍት የሚሉትን ነገር ከረሳች ቆይታለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎንበስ ብላ አንሶላውን ገለጠች። ቁጥሩ ካናቴራው ላይ በአራት መርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ አንዱም አልተዛነፈም፣ አንዱም ሳይቆለፍ አልቀረም። ከቁጥሩ ጠርዝ ወጣ ብሎ ግን ጨርቁ በትንንሹ ተተርትሯል። የተተረተረውን ትክ ብላ አየችው።

መጀመሪያ ባለቁጥሩን አነጋገረች። ከቁመቱ የተነሳ ወዳጆቹ ቀጭኔ ይሉታል።

«ቁጥርህ እሱ ላይ ምን ይሠራል?»

«እኔም አልገባኝም። ገና እኩሌታው ላይ ሙቀቱ አላስቆም አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ከነፍሴ አይበልጥም ብዬ ተውኩት። ካናቴራዬን ከነቁጥሩ አጥር ላይ ሰቅዬ፣ ያቋረጡትን የሚሰበስበው አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ወዲያው እግሬ ተኮማትሮ ሁለት ሰዎች ይዘውኝ ነበር፤ ይጠይቋቸው።»

ጠየቀቻቸው፤ እውነቱን ነው። ካናቴራው አሁንም አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቁጥሩ ግን የለበትም።

የውድድሩ ሐኪም ከሕክምናው ድንኳን ጀርባ ብቻዋን ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«መምህሩ እኔ ጋ መጥቶ ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ኩባያ መያዝ አቃተው። ዛሬ ቀኑ ማነው ብዬ ስጠይቀው የልጁን ስም ነገረኝ። ከዚህ በኋላ አትሮጥም ብዬ ቁጥሩን ከደረቱ ላይ መንጭቄ ወሰድኩ፤ ብብቱ ስር በረዶ አደረግኩለት። ረጋ ሲል ሌላ ሰው ወደቀ ብለው ጠሩኝ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው።»

«የሚጠብቀው ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም። ትቼው መሄድ አልነበረብኝም።»

«ስለ በረዶው ለማን ተናገሩ?»

«ለማንም።»

«እንደዚያው ይቆዩ።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ያሠለጠነውም እሱ ነው፣ ጥላ ስር ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። መርማሪዋ አጠገቡ ቁጭ አለች፤ እግሯ ደክሟል።

«መጨረሻ ያዩት የት ነው?»

«ጠዋት መነሻው ላይ። ከዚያ ማብቂያው መስመር ጋ ቆሜ ስጠብቀው ዋልኩ።» ድምፁ ሻከረ። «ሐኪም ተብዬዋን ይጠይቋት። ብብቱ ስር በረዶ እስከማድረግ የደረሰችለትን ሰው እንዴት ትለቀዋለች?»

መርማሪዋ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሯጮች ሻንጣ በተከማቸበት አዳራሽ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። የመምህሩ ሚስትም መጥታለች።

«ሐኪሟ ቁጥሩን መንጭቃ ወስዳለች፤ የተተረተረው ጨርቅ ይመሰክራል» አለች መርማሪዋ። «ከዚያ በኋላ ሌላ ቁጥር ተለጠፈለት። ኩባያ መያዝ ያቃተው እጅ አራት መርፌ ቁልፍ አስተካክሎ አይቆልፍም። ስለዚህ የሌላ ሰው እጅ አለበት።»

ቀጭኔ አቀረቀረ።

«እሱ አይደለም፤ ከአውቶቡሱ አልወረደም። ሐኪሟም አይደለችም፤ ልታስሮጠው ብትፈልግ የመጀመሪያውን ለምን ትነቅላለች?» ወደ ታላቅየው ዞረች። «እርስዎ ማብቂያው ላይ ዋልኩ አሉኝ። ስለ በረዶው ግን ሐኪሟ ለማንም አልተናገረችም። የት እንደተደረገለት የሚያውቅ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው ነው።»

ሰውየው ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

«ለመነኝ» አለ። «‹ጋሼ፣ ሳልጨርስ ተማሪዎቼን በምን ዓይኔ አያለሁ› አለኝ። ልጅ ሆኖ ሲያቋርጥ፣ ካንተ ሰው አይወጣም እለው ነበር። በረዶው ያበረደለት መሰለኝ። ቁጥሩን አጥሩ ላይ አየሁትና አምጥቼ ለጠፍኩለት።»

የመምህሩ ሚስት ቀና ብላ አየችው።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው አድሯል» አለች። «አትሂድ አልኩት፤ ምንም አይደለም አለኝ። እሱ ለራሱ አላዘነም። እኔም ጫማውን አቀብዬ ሸኘሁት። አንተ ግን መንቀጥቀጡን እያየህ ለጠፍክለት።»

«ለእማዬ ምን እላታለሁ? አንቺ ብትነግሪያት…»

«እኔ አልነግርልህም።»

መርማሪዋ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። «ወደ ጣቢያ ስንሄድ በእናትዎ ቤት እናልፋለን» አለችው።

ሰውየው በሩን አንኳኳ። እናትየው በሩን ስትከፍት ፊቷ ፈክቶ ነበር።

«መጣችሁ? ታናሽህስ፣ ጨረሰ?»

ሰውየው ወደ መርማሪዋ ዞር አለ። እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አልጨረሰም፣ እማዬ» አለ። «ግቢና ቁጭ በይ። ያደረግኩትን ልንገርሽ።»