መርከብ ላይ የደረሰው ሰባተኛ ፎቶ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲያወሩልኝ አፌን ሸፍኜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ እንኳ ለእገሌ መንፈስ ታየው፣ እገሊትን ድምፅ ጠራት ሲባል «ቁርስ ሳይበላ ውሎ ነው» እያልሁ ያደግሁ፣ ወረታ መገንጠያው አጠገብ የከፈትሁት ኮምፒውተር ቤትም ቢሆን የጻፉለትን ብቻ የሚሠራ ማሽን ነው ያለበት፣ ስለዚህ ይሄን ፈጥረህ ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም፣ ግን እመኑኝ፣ አልፈጠርሁም።

ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን መርከበኛ ነው። አባታችን ፎገራ ሜዳ ላይ ባለች አንዲት ደብር ቅኔ ያስተምራሉ፣ ሙሉቀንም ከጎበዝ ተማሪዎቻቸው አንዱ ነበር፣ ታዲያ ድንገት ትምህርቱን ጥሎ ባሕር ዳር ወርዶ የመርከብ ሥራ ተምሮ ሊሄድ ሲነሳ፣ አባዬ በንዴት «እንግዲህ ፊቴን አታይም!» አሉት። ይኸው ስድስት ዓመት። አባዬ ደግሞ አንዴ ያሉትን አይሽሩም፣ እልኸኛ ናቸው፣ እኔስ ከማን የወረስሁት ይመስላችኋል።

ባለፈው ክረምት ሙሉቀን ጻፈልኝ፣ «ወንድም ዓለም፣ የአባዬ ፊት እየጠፋብኝ ነው፣ ዓይናቸውን ላስብ እልና አልመጣልህ ይለኛል፣ እባክህ ፎቷቸውን ላክልኝ» ይላል። መርከቡ ላይ ኢሜይል እንጂ ድረ ገጽ አይከፈትም፣ ፎቶውን ዝም ብዬ አያይዤ መላክ እችል ነበር፣ ግን ደስ ይበለው ብዬ ቤታችንን የሚያስጎበኘው አንድ ገጽ ሠራሁለት፣ ከየፎቶው ሥር ጨዋታ ጻፍሁበት፣ ከዚያ ገጹን እንዳለ አንብቦ፣ ምስሎቹን ከያሉበት ለቅሞ፣ ደብዳቤው ውስጥ ከትቶ የሚልክ ኮድ ጻፍሁ፣ ሊንኩን ብቻ ብልክለትማ መርከቡ ላይ የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው።

ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ፣ ላሞቹን፣ የደብሩን በር፣ ምኑን ምኑን፣ ብቻ ስድስት ፎቶ አነሳሁ። አባዬ ግን ስልኬን ሲያዩ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

«አባዬ፣ አንዲት ብቻ። ልጅዎ እኮ ናፍቀውታል።»

«ሂድ ወዲያ! ፊቴን አታይም ብየው፣ አሁን በጓሮ ዞሬ ላሳየው? ቃሌን ልታሳጥፈኝ ነው?»

«እርስዎስ አልናፈቀዎትም?»

«ተማሪ ይጠብቀኛል» ብለው ተነሱ፣ ድምፃቸው ግን ተንቀጠቀጠ።

ምን ላድርግ፣ ገጹ መጨረሻ ላይ «አባዬ» ብዬ ጻፍሁና ከላዩ ባዶ ቦታ ተውሁለት። ምስል የለም፣ የምስል ስም እንኳ የለም።

የላክሁት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ኮዱ አንድ ምስል በከተተ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይቆጥራል፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ስድስት ደረሰና ቆመ። ያን ጊዜ ከኋላዬ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ፣ አስከትሎም አባዬ ማስተማር ሊጀምሩ ሲሉ የሚያደርጓት ጉሮሮ መጥረግ። «አባዬ?» ብዬ ዞርሁ፣ ማንም የለም፣ በዚያ ዝናብ ወለሉ ደረቅ ነው። ወደ ስክሪኑ ስመለስ «ሰባት» ይላል፣ ከሥሩ «ተልኳል»። ስህተት ነው ብዬ ኮዱን ሦስቴ አነበብሁት፣ ስህተት የለበትም።

በማግሥቱ ጠዋት የሙሉቀን መልስ መጣ። «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ እንዴት አድርገህ እሺ አሰኘሃቸው? ሸብተዋል አይደል? በሩ ላይ ቆመው ቀጥ ብለው ሲያዩኝ፣ ክፍሌን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።»

እኔ ዘንድ የቀረውን ቅጂ ከፈትሁ፣ ከ«አባዬ» በላይ ባዶ ነው። እስቲ ያየኸውን መልሰህ ላክልኝ አልሁት፣ ላከልኝ፣ አሁንም ባዶ ነው። «አንተ አይታይህም እንዴ?» ሲለኝ፣ እናንተዬ፣ ጠጉሬ ቆመ።

ሱቁን ዘግቼ በባጃጅ አባዬ ዘንድ በረርሁ። ተማሪዎቹን አሰናብተው ደጃፉ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ፣ እዚሁ ነኝ። ዝናቡ ሲጥል ትንሽ አሸለበኝ» አሉ። ከዚያ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን ያልጠሩት ሰው፣ «ሙሉቀን ከስቷል» አሉ። «ግራ እጁን ምን ሆኖ ነው በጨርቅ የጠቀለለው?»

ስለ እጁ የነገረኝ ነገር የለም፣ ፎቶም አልላከልኝም። እዚያው ቆሜ «እጅህን ምን ሆንህ?» ብዬ ጻፍሁለት። መልሱ እስኪመጣ አባዬ ተነስተው አጠገቤ ቆሙ፣ ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፣ ወደ ማታ ገደማ መልሱ መጣ።

«ማን ነገረህ? ለአገር ቤት ሰው ትንፍሽ አላልሁም እኮ። ገመድ ሁለት ጣቴን ቆረጠብኝ፣ አሁን እየዳንሁ ነው። አደራህን፣ አባዬ እንዳይሰሙ።»

«ምን አለ?» አሉኝ አባዬ።

«ደህና ነኝ ይላል» አልኋቸው፣ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ጣቱ ነው?» አሉኝ።