ከዜና በኋላ የተመዘገበው ዘፈን

ሟቹ ማጅራቱን በብረት ተመትቶ በፀጉር ቤቱ ጓዳ፣ የፎጣ ቁልል ላይ ተደፍቷል። ሥራው ንግድ ቤቶች ለደንበኛ የሚያሰሙትን ዘፈን እያዳመጠ መመዝገብ፣ የማሰሚያ ፈቃዳቸውንም ማጣራት ነበር። የያዘው ቅጽ የመጨረሻ መስመር «10፡10፤ የመንገድ መብራት፤ 412» ይላል።

መርማሪው «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ ባለ ፀጉር ቤቷ ዞረ።

«እዚህ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት፣ እህቴ?»

«ደንበኞቼ ተሳቀቁ፤ ጓዳ ሆነህ ስማ አልኩት። ፈቃዴ እንደሆነ ያው፣ ተሰቅሏል! ለእሷ ስንት ወር የተመላለስኩ ይመስልዎታል? ነገ ነይ፣ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ፈራሚው ወጥቷል...»

«ስለ ሟቹ ነበር የጠየቅኩዎት።»

«እየነገርኩዎት እኮ ነው! ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልክ ‹ይሄ የፈቃድ ቁጥር መዝገብ ላይ የለም› ሲል በመጋረጃው በኩል ሰማሁት። ደሜ ፈላ። ሬዲዮኑን ከፍ ባደርገው እሱም አናደደኝ። ‹ከአስር ሰዓት ዜና በኋላ የመንገድ መብራት የሚለውን ዘፈን እንጋብዛችኋለን› ብሎ አስጓጉቶ አስጓጉቶ ኳስ ለቀቀብኝ!»

አናጢው ታላቅ ወንድሟ ጣልቃ ገባ። «አስር ሰዓት ላይ እዚህ የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ታዲያ እኛ ገደልነው?»

«ወንድም ጋሼ፣ በናትህ ዝም በል!»

መርማሪው የጓዳውን የኋላ በር ገፋ አደረገው። አልተቆለፈም፤ ወደ ጠባብ መተላለፊያ ያወጣል።

ቢሮው አምስት ደቂቃ የሚያስኬደው የሟቹ አለቃ፣ የፈቃድ ክፍል ኃላፊው፣ ተጠርቶ መጣ። ቅጹን ሲያሳዩት ትከሻውን ሰበቀ።

«ከዘጠኝ ተኩል እስከ አስራ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ስምንት ሰው ይመሰክራል። ቅጹ ደግሞ አስር ከአስር ላይ በሕይወት እንደነበር ይናገራል። ምን ይጠብቃሉ? ሴትዮዋን ይያዟት እንጂ!»

«412 ምንድን ነው?»

«የዘፈኑ መለያ ቁጥር። የዘፈኖቹ መዝገብ ያለው እኔና እሱ ጋ ብቻ ነው።»

መርማሪው ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ደወለ። አንዱ ለሌላው እያስተላለፈው ሩብ ሰዓት የመጠበቂያ ሙዚቃ ሰማ።

«ለእሱስ ፈቃድ አላቸው?» አለ አናጢው።

በመጨረሻ የሚፈልገውን አገኘ። ሦስቱንም ፀጉር ማድረቂያዎቹ ሥር አስቀመጣቸው።

«‹የመንገድ መብራት› ትናንትም ዛሬም አልተላለፈም» አለ። «ዘጠኝ ከሩብ ላይ እንደሚመጣ ተነገረ፤ ኳሱ ቦታውን ወሰደው። ሟቹ የሰማውን እንጂ የሚመጣውን አይመዘግብም። ስለዚህ ያንን መስመር የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ የጻፈውም ዘፈኑ መቅረቱ ሳይታወቅ ነው። አስር ሰዓት ላይ እዚህ የነበሩት ግን ኳሱን ሰምተዋል፤ ቁጥሩንም አያውቁትም።»

ኃላፊው ተቁነጠነጠ።

«ሟቹ የፈቃዱ ቁጥር መዝገቡ ላይ እንደሌለ ሲያውቅ የደወለው ለእርስዎ ነው፤ ጥሪው ስልኩ ላይ አለ። ሐሰተኛውን ፈቃድ የሰጡት እርስዎ ስለሆኑ እንዳይጋለጡ ከስብሰባው በፊት በጓዳው የኋላ በር መጡ። ሬዲዮኑ ጮክ ብሎ ስለነበር ድምፁን ሸፈነልዎት። የእጅ ጽሑፉን አስመስለው ስብሰባ ላይ የሚሆኑበትን ሰዓት መረጡ።»

«ይመጣል ብሎ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ ኃላፊው። «እዚህ ቤት ሆኜ በጆሮዬ...»

አልጨረሰውም። ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ይዘው አስወጡት።

«እኔስ ነፃ ነኝ?» አለች ሴትዮዋ።

«ነፃ ነዎት። ፈቃዱ ግን የሐሰት ስለሆነ እንደ አዲስ ያመልክታሉ።»

«ማን ይፈርምልኛል?»

«ፈራሚው...» መርማሪው በሩን አየ። «እሱ ብቻ ነበር። ተተኪ እስኪሾም ይጠብቃሉ።»

«ስንት ወር?»

«እስከዚያ አንቺው አንጎራጉሪላቸው» አለ ወንድሟ።

«ለእሱስ ፈቃድ አያስፈልግም?»

መርማሪው ሊጠይቅላት ወደ ፈቃድ ክፍሉ ደወለ፤ የመጠበቂያ ሙዚቃ ጀመረ።