አራት የታሸጉ ፖስታዎች

አልቪን ድሬገር ሞቶ የተገኘው ከስድስት ዓመት ወዲህ አንድም ቀን ወጥቶት በማያውቀው ደረጃ ሥር ነው።

ያገኘው ጎርድ ነበር፤ የሆልደን ክሪክ ከተማን የበረዶ ሆኪ ሜዳ በማለስለሻ መኪናው ሲዞር ሃያ ዓመት የሞላው ሰው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ የጠዋቱ ልምምድ አልቆ ተጫዋቾቹ ሄደዋል። ውጭ የግንቦት ፀሐይ የመጨረሻውን በረዶ ጭቃ እያደረገችው ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ግን የሰው ትንፋሽ ይታያል። ሽማግሌው ጨዋታ ወደሚቀረጽበት የካሜራ ክፍል በሚያወጣው ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሏል።

ሳጅን ኮሪን ላቫሊ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን ኪሱን ነው። የአልቪን ደብተር ካፖርቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ኪሱም ተቆልፏል። እርሳሱ ግን ላይ፣ የካሜራው ክፍል በር ላይ ወድቋል። ደብተሩን ገለጠችው። የመጨረሻው ገጽ ተቀድዷል።

«እየጻፈ የወደቀ ሰው ደብተሩን ኪሱ ከትቶ አይቆልፍም» አለች። ከዚያም ወደ ጎርድ ዞረች። «ለመሆኑ ለምን ወጣ?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ጉልበቱ አልቋል እኮ! ሁሌ እዚያ ታች ጥጉ ላይ ነው የሚቀመጠው። አጠገቡ ያለውን ወንበር ደግሞ ማንንም አያስቀምጥም፤ ‹ሰው አለበት› ይላል።»

«ማን?»

ጎርድ ወደ ባዶው ሜዳ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደሪክ ስቶቢ ነዋ።»

የደሪክን ነገር እዚህ አገር የማያውቅ የለም። አልቪን የአንድ ትልቅ ክለብ ዋና መልማይ ነበር፤ ሥራው በየመንደሩ እየዞረ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆችን ማየትና ክለቦች በየተራ ወጣት ተጫዋች በሚመርጡበት በሰኔው ምርጫ ማን እንደሚወሰድ መወሰን ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደሪክ ራሱን ተመቶ ሲንገዳገድ አይቶ፣ ልጁን ስለወደደው አልጻፈውም። ክለቡም ልጁን ወሰደው። በሁለተኛው ዓመት ደሪክ ደግሞ ተመታ፤ እዚያው በረዶው ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አልቪን በየባዶው አዳራሽ የበረዶ ጫማ ድምፅ ይሰማኛል ይል ነበር። መንፈስ አለ የለም የሚለውን ክርክር ለካህናት እተዋለሁ። እኔ ግን ሰው በሌለበት የበረዶ ሜዳ ብቻዬን ቆሜ አውቃለሁ፤ በረዶው ሲሰነጠቅ ድምፁ አንድ ሰው ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ይመስላል፣ ያስፈራል።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ጎርድ። «ዛሬ ጠዋት ‹ያ ልጅ ማታ መጫወት የለበትም፤ ጽፌ ለአሰልጣኙ እሰጣለሁ› ብሎኛል።»

«የትኛው ልጅ?»

«ኬል ሮማንዩክ።»

ኮሪን ቀና አለች። ኬል የከተማው ልጅ ነው። ማታ አንድ ሰዓት የዋንጫው የመጨረሻ ጨዋታ አለ፤ ከተማውም ሥራ ፈትቶ የሚጠብቀው እሱን ነው። ወዲያው ለከተማው ቡድን አሰልጣኝ ደወለች።

«ሳጅን፣ በሞተ ሰው ወሬ ልጁን ከዋንጫ ጨዋታ አላወጣም» አለ አሰልጣኙ። «ሐኪም አይቶታል፣ ልጁም ደህና ነኝ ብሎ ይምላል። አልቪን በእጁ የጻፈውን ካመጣሽልኝ ግን ዓይኔን አላሽም፤ ከጨዋታ ውጭ አስቀምጠዋለሁ።»

እንግዲህ የጠፋችው ገጽ የአንድ ልጅ ነፍስ ሆነች። ኮሪን ያላት ጊዜ ስምንት ሰዓት ነው።

በልምምዱ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የአልቪን ክለብ ሰዎች ሦስት ናቸው። ዌንደል ፌርን፣ የአካባቢውን መልማይና የአልቪንን የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣ ጥጉ ላይ ከባዶው ወንበር አንድ ቦታ ርቆ ተቀምጦ እያለቀሰ አገኘችው።

«ትናንት ቁርስ ላይ ተጣላችሁ ይባላል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ሠላሳ ዓመት ስንጣላ ነው የኖርነው። ‹ልጁን ወደድከው፤ የወደደ ዓይን አያይም› አለኝ። እውነቱን ነው! ኬልን በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው ያገኘሁት። እናቱን አየሁ፣ ረጅም ናት። የአባቱን እጅ አየሁ፣ አካፋ ነው። ‹ይሄ ገና ያድጋል› ብዬ ያኔውኑ ጻፍኩት።»

«ታሟል አላለህም?»

«ኬል? እሱ እኮ ድንጋይ ነው!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ። «አልቪን እንደዚያ አለ?»

ሁለተኛዋ ማሪዝ ቱርኮት ናት፤ ልጆቹን በቁጥር የምትመዝን፣ ከኩቤክ የመጣች ሴት። ሽማግሌዎቹ «የሒሳብ አስተማሪዋ» እያሉ ያሾፉባታል።

«የካሜራው ክፍል ቁልፍ የእርስዎ ነው» አለች ኮሪን።

«አዎ። የካሜራውን ሽቦ ረስቼ ወደ ሆቴል ስሄድ ክፍት ትቼው ወጣሁ። እንደምሄድም ለሁሉም ጮኼ ነው የተናገርኩት።»

«ሲሄዱ ያየዎት አለ?»

«የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ሽቦውን አብራኝ ስትፈልግ ነበር። ይጠይቋት።»

«ኬልን እርስዎ እንዴት ያዩታል?»

«ጥሩ ነው። ግን ስሙኝ ሳጅን፣ አንድ ልጅ በሃያ አምስት ዓመቱ የሚሆነውን በአሥራ ሰባት ዓመቱ መገመት ጥንቆላ ነው። ከአሥር አንድ ብንመታ ጎበዝ እንባላለን። ስብሰባ ላይ ግን ሁሉም ነቢይ ነው! አልቪን ይሄን ስለሚያውቅ ነው ፖስታዎቹን ያመጣው።»

«የምን ፖስታ?»

«‹ሰው ስብሰባ ላይ የሚያወራው አለቃውን እያየ ነው› ይል ነበር። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት እያንዳንዳችን ለብቻችን ከልብ ያመንንባቸውን የሠላሳ ልጆች ስም በቅደም ተከተል ጽፈን እናሽጋለን። የሚከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ዓይን ያለውና አፍ ብቻ ያለው ይለያል። ሹመትም ስንብትም በሱ ነው።»

«የዘንድሮውስ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ታሽጓል። ሳጥኑ እኔ ጋ ነው፤ ግን አይከፈትም።»

ሦስተኛው ሎርን ካስኮ ነው፤ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ከሰኔ በኋላ ዋናው እንደሚሆን የሚወራለት። ላይኛው የስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ የልጆቹ ስም በየተራ በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ አገኘችው። የኬል ስም ከሁሉም በላይ ነው።

«በጣም አዝነናል ሳጅን። አልቪን አባታችን ነበር።»

«ከልምምዱ በኋላ አናግረውት ነበር?»

«አልተገናኘንም። ስልክ ላይ ነበርኩ።»

«ስለ ኬል ያለዎት ነገር አለ?»

«የዘመኑ ምርጥ ልጅ ነው! ማንንም ጠይቁ። እኔ ዘንድ አንደኛ ነው፤ ጥርጥር የለኝም።»

«ክለባችሁ ስንተኛ ነው የሚመርጠው?»

«ሦስተኛ» አለና ትንሽ አመነታ። «ያን ተራ ለሌላ ክለብ ለቅቀን ሁለት ነባር ተጫዋቾች ለመውሰድ እየተነጋገርን ነው። የዚያ ክለብ ሰዎች ማታ ኬልን ሲጫወት አይተው ይፈርማሉ።»

ኮሪን ማስታወሻዋን ዘጋች። የወጣችው በዋናው ደረጃ ሳይሆን በብረቱ ነው። እስከ ላይ ስድስት ጊዜ ወጥታ ወረደች፤ በሰባተኛው ጉልበቷን ይዛ ቆመች። ታች ሜዳው ላይ በረዶው ተሰነጠቀ። ማንም እንደሌለ እያወቀች ዞራ አየች፤ ከልቧም ደነገጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም፣ አሰልጣኙንና ጎርድን የስብሰባው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከታች ሕዝቡ መግባት ጀምሯል፤ ከበሮው ይሰማል።

«አልቪን አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «እጁ ላይ የነበረውን ደብተር ሰው ወስዶ፣ ገጽ ቀድዶ፣ መልሶ ኪሱ ከቶ ቆልፎለታል። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ለምን ወጣ? ጉልበቱን የታመመ ሽማግሌ ለወዳጁ ደረጃ አይወጣም፤ ወዳጁ ነው የሚወርድለት። አንተ ዌንደል፣ ብትፈልገው የት ትሄድ ነበር?»

«ጥጉ ጋ፤ ሌላ የት እሄዳለሁ!»

«ጎርድስ?»

«እኔም።»

«እንዲህ ያለ ሰው የሚወጣው አለቃ ሲጠራው ነው።»

ካስኮ ፈገግ አለ። «ሳጅን፣ በጉልበት ሕመም ሰው አይከሰስም።»

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ፖስታዎቹን እንክፈት።»

ማሪዝ ሳጥኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘች። «አምስት ዓመት አልሞላም! ሕጉ የአልቪን ነው። እሱ ሞተ ብዬ አላፈርሰውም።»

«ማሪዝ» አለች ኮሪን፣ እንደ እህት። «ይህንን ሕግ ያወጣው ስለ ደሪክ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሌላ ደሪክ በረዶው ላይ ይወጣል። አልቪን ራሱ እዚህ ቢኖር ይዘጋው ነበር?»

ማሪዝ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ካስኮ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

የዌንደል ፖስታ መጀመሪያ ተከፈተ፤ ኬል አንደኛ ነው። የማሪዝ፤ ኬል ሁለተኛ። የአልቪን፤ ሠላሳ ስም አለ፣ ኬል የለም። ኮሪን አራተኛውን ከፍታ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለች፤ ከዚያም ወረቀቱን ሁሉም እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ አዞረችው። ኬል ሮማንዩክ የለም።

«የማያውቅ ሰው ይሄን ልጅ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ያደርገዋል። ከዝርዝሩ የሚያወጣው ሕመሙን የሚያውቅ ብቻ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሕመሙን የሚያውቁ የክለቡ ሰዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል። አቶ ካስኮ፣ አልቪን ለእርስዎ ነግሮዎታል። ወግ ነው፤ መጀመሪያ ለአለቃ ይነገራል። እርስዎ ደግሞ ልጁን እንደማይፈልጉት ወሰኑ፤ ግን ሌላው ክለብ እንዲፈልገው አስፈለገ። ማታ ካልተጫወተ ‹ምን ሆነ?› ይባላል፤ ሁለቱ ነባር ተጫዋቾችም ሹመትዎም ይቀራሉ። አልቪን ግን እጽፋለሁ አለ።»

«ይሄ ግምት ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ይንገሩኝ። ለሰሌዳው ዋሹ፣ ለኔ ዋሹ። እዚህ ወረቀት ላይስ ለምን አልዋሹም?»

 የመለሰው ዌንደል ነው። «አይችልማ! በአምስት ዓመቱ ፖስታው ሲከፈት የተሳሳተው እሱ ሊሆን ነዋ። እኛ ለእናታችን እንዋሻለን፣ ለዝርዝራችን ግን አንዋሽም።»

«ልክ ነኛ!» ካስኮ ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ማነው እዚህ ልክ ያየው? አንተ ሽማግሌ ልጅህ አስመስለኸው አንደኛ ታደርገዋለህ! ከአምስት ዓመት በኋላ ትክክለኛ ሆኜ የምገኘው እኔ ብቻ ነኝ!»

የተናገረውን ራሱ የሰማው ከሁሉም ዘግይቶ ነው።

«ገጹን ለአሰልጣኙ ስጠው» አለ ዌንደል። «አልጣልከውም። የአልቪንን ማስታወሻ የሚጥል መልማይ ገና አልተወለደም።»

ካስኮ በመጨረሻ ከቦርሳው የውስጥ ኪስ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ደብተሩን የያዝኩት እንዲሰጠኝ ነው» አለ። «አልለቅም አለ። ከዚያ እኔ ለቀቅኩ።»

«አልለቀቅክም» አለች ኮሪን። «ገፋህ። የካፖርቱ የደረት ቁልፍ ተበጥሷል፤ ወደ ኋላ የወደቀው በሙሉ ጀርባው ነው። ከዚያ ወርደህ ሬሳውን በረበርክ።»

በር ላይ ሲጠብቅ የነበረው ረዳቷ ካስኮን ይዞ ሲወጣ አሰልጣኙ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ማክሰኞ፣ ከግጭቱ በኋላ። የተቃራኒውን ቡድን የተጠባባቂዎች በር የራሱ መስሎት ሊከፍት ሄደ። ዛሬም በግራው የሚመጣውን አያይም። መብራቱን ይሸሻል። ደሪክም እንዲህ ነበር። ያኔ አልጻፍኩም። አሁን ጻፍኩ።»

አሰልጣኙ ሌላ ቃል ሳይናገር ወደ ታች ሮጠ፤ ኮሪንም ተከተለችው።

ኬል በልብስ መቀየሪያው ክፍል ልብሱን ለብሶ፣ የበረዶ ጫማውን አጥብቆ አሥሮ ተቀምጧል። እናቱ ሻነን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሯ፣ በሩ ላይ ነበረች። አሰልጣኙ ወረቀቱን ሰጠው። ልጁ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ አነበበው፤ እናቱ ያን አንገት ስታይ አፏን ያዘች።

«ነግሮኝ ነበር» አለ ኬል። «ጠዋት እዚያ ጥጉ ጋ ጠርቶኝ። ዛሬን ብቻ ልጫወት ብዬ ለመንኩት። እንቢ አለኝ።»

«እሺ ልጄ፣ በቃ» አለችው ኮሪን።

«አይ፣ አልበቃም። ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ወደ እናቱ ዞረ። «ደስ አለኝ። እናቴ፣ ደስ አለኝ እኮ።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ኬል ጎንበስ ብሎ ማሠሪያውን ለመፍታት ሞከረ፤ ጣቶቹ ቋጠሮውን አላገኙትም። ሻነን እርጥቡ ወለል ላይ ተንበርክካ የግራ እግሩን ጭኗ ላይ አደረገችና ማሠሪያውን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። ከላይ በድምፅ ማጉያው የተጫዋቾቹ ስም ይጠራ ነበር፤ የኬል ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ።