በሰደርያው ውስጥ የነበረው ውሃ

ጀማሉን ከአትባራ ወንዝ ያወጡት ረፋዱ ላይ ነው። እንዲያንሳፍፍ ተብሎ ከሰሊጥ ጆንያ የተሰፋው ሰደርያ ደረቱ ላይ እንደ ታሰረ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከመስመጥ የሚያድነውን ለብሶ ነው የሰመጠው።

ተናኘወርቅ አጠገቡ ተንበረከከች። መተማ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ዛሬ ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር ካምፕ ያለች ስደተኛ ብትሆንም ሰው ሲሞት የምትጠራው አሁንም እሷው ናት። የዛሬው ሟች ግን ተስፋዋም ነበር። ልጇ ብርቱካን በአፈሳ ተይዛ ከሰላ ከተማ ታስራለች፤ የስደተኛ ወረቀቷ እስከ ዓርብ በእጅ ካልደረሰላት ቅዳሜ ጭነው ድንበር ያሻግሯታል። መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው፤ ወረቀት አድራሿንም ያፍሷታል። በክረምት በድንጋይ መሀል አረፋ እየደፈቀ በሚደነፋው ወንዝ፣ ከመኪና ጎማ በታሰረ ታንኳ ሰው አሳልፎ ከፍተሻው ወዲያ የሚያወጣ መሪ ጀማሉ ብቻ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነው።

«ምን አየህ?» አለችው አብዱልናስርን። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ታንኳውን ያሰረውም እሱ ነው።

«እንደ ልማዱ ነው። ሰው ከመሳፈሩ በፊት ከተሳፋሪዎቹ ሰደርያ ያገኘውን አንስቶ፣ ለብሶ፣ ብቻውን ይሞክራል። ዓለቱ ጋ ተገለበጠ። ቢገለበጥም ሁልጊዜ ብቅ ይል ነበር። ዛሬ አላለም።» በትሩን ወደ ልብስ ሰፊው ሽሻይ ቀሰረ። «ይሄ ነው የገደለው። የተሰነጠቀ ጠርሙስ ከቶበት!»

ሽሻይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እትዬ ተናኘ፣ በልጆቼ እምላለሁ። ለአንድ ሰደርያ ስምንት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከትቼ፣ ዙሪያውን በማሽን ሰፍቼ፣ ሰኞ ለየባለቤቱ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁም።»

ጆንያውን በቢላ ቀደደችው። ከስምንቱ ጠርሙስ ሰባቱ እስከ አንገታቸው ውሃ ሞልተዋል። አብዱልናስር በትሩን አነሳ።

«ቆይ» አለችው፣ ቀና ሳትል። አንዱን ከፍታ አሸተተች፤ ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው፤ ስፌቱንም በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ተሳፋሪዎቹንና ሁለቱን ወንዶች ግራሩ ሥር ሰበሰበች።

«ስሙኝ። ወንዙ ዛሬ ጭቃ ነው፤ ይሄ ውሃ ግን ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ በስንጥቅ አልገባም፤ ደረቅ መሬት ላይ ሰው ሞላው። የሽሻይ ስፌት የማሽን ነው፤ ይሄኛው ጎን ተተርትሮ በእጅ ተሰፍቷል። የካምፑ ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ይሄ አይሸትም። ከታቹ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አመድ፣ እምነት አለበት። ጸበል ነው።»

ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ሊገድል ያሰበ ሰው በጸበል አይገድልም። ጀማሉ ከሰውና ከወረቀት በቀር ዕቃ አልጭንም ብሏል። ለታመመ ሰው ጸበል ማድረስ የፈለገ ምን ያድርግ? ደብቆ ይለብሰዋላ። ጀማሉ ሊሞክር ያነሳው ያንን ነው።» ከተሳፋሪዎቹ ወደ አንዲት አሮጊት ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አደይ ፅገ፣ ልጅዎ ከሰላ ታማብዎታለች አይደል?»

አሮጊቷ ወደ ሬሳው ቀረብ አሉ። «ጸበል ሰው ያሰጥማል ብዬ እንዴት ላስብ፣ ልጄ? ጭራሽ እሱ ይሸከመኛል ብዬ እንጂ።»

አብዱልናስር በትሩን ጣለ። ወደ ወንዙ ወርዶ የታንኳውን ገመድ በጩቤ ቆረጠ፤ ጎማዎቹ አንድ በአንድ ከአረፋው ገቡ። «ኸላስ፣ በቃ» አለ። «ከእንግዲህ በዚህ ውሃ ማንም አይሄድም።»

ተናኘወርቅ ልትለምነው አፏን ከፈተች። በወንድሙ ሬሳ ፊት ምን ብላ ትለምነው?

አደይ ፅገ አንዱን ጠርሙስ አንስተው ዘረጉላት። «ስድስቱ የልጄ ናቸው። ይሄ የብርቱካን ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ‹ለእሷም ጸበል የሚያደርስላት ባገኘሁ› ብለሽ አልነበር?»

ብላ ነበር። የብርቱካንን የስደተኛ ወረቀት ከጉያዋ አወጣችው። ለወንዙ ብላ በላስቲክ ጠቅልላው ስለነበር አልረጠበም፤ አሁን ግን የሚያደርሰው የለም።